ከእጅ ያልተቀበሉት ፍም

ተረት ተረት።

የምድጃ ሙቀት።

እሰይ፣ እንዲያ በሉ። የላሟንስ በረት ስንከፍት ስንዘጋ ኖርን፤ ዛሬ ላሟ ትረፍበት። የዛሬው የእሳት ተረት ነው። ጠጋ በሉ፣ ግን ጉልቻው ላይ አትውጡ። እሳት ራቅ ሲሉት ይሞቃል፣ ሲጠጉት ይፈጃል። እንደ ሹም ነው።

በድሮ ዘመን፣ ክብሪት የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ በአንድ ተራራ ወገብ ላይ ወይራ አፋፍ የሚባል መንደር ነበር። ከመንደሩ በላይ ደን ነበር። ጥዱ፣ ኮሶው፣ ዝግባው ተቃቅፎ ቀን የሚያጨልም ደን። ከደኑ ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ምንጩ በጋ መጣ ብሎ አይጎድልም። ሰውም ከሱ ይጠጣል፣ ከብቱም ከሱ ይጠጣል።

ከመንደሩ ዳር፣ ከሰው ቤት ሁሉ ራቅ ብሎ፣ ደምለው የሚባል ቀጥቃጭ ከሚስቱ ከማንጠግቦሽ ጋር ይኖር ነበር። እሱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እሷ ሸክላ ትሠራለች። መንደሩ የሚያርሰው በደምለው ማረሻ ነው። የሚያጭደው በደምለው ማጭድ ነው። ሕፃን ሲወለድ እትብቱ የሚቆረጠው በደምለው ምላጭ ነው። ከደምለው ጋር ግን ማንም አይበላም። ልጁንም ማንም አያሳየውም። «ቡዳ ነው፣ ዐይኑ ይበላል» ይላሉ። በማንጠግቦሽ ድስት የተሠራ ወጥ እየበሉ እንዲህ ይላሉ።

ደምለው ይህን ያውቃል። ያውቅና ዝም ይላል። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በሰባት ዓመቷ በኩፍኝ ሞተች። የቀጥቃጭ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም ተባለና ከጓሯቸው፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ቀበሯት። ከዚያም ወዲህ፣ ቆላ ወርደህ ብትሠራ ገበያው ደህና ነው ቢሉት ደምለው አይሰማም። ሰው ያከብርሃል ቢሉትም አይሰማም። ከዚች ዓለም የሚፈልገው ነገር አንድ ነው። እዚያች ወይራ ሥር እየተቀመጠ መኖርና፣ ቀኑ ሲደርስ ከልጁ አጠገብ መቀበር።

የደምለው እሳት አይጠፋም ነበር። ማታ በአመድ ያዳፍነዋል፣ ጧት ገለጥ አድርጎ በወናፍ ይቀሰቅሰዋል። ምድጃው የጠፋበት ሁሉ እሳት ሊጭር ወደሱ ይመጣል።

የወይራ አፋፍ ሰዎች ደግሞ ለእሳት ሕግ ነበራቸው። እሳት ለለመነ አይነፈግም። እሳት የነፈገ እህል ይነፈገዋል ይሉ ነበር። ሲሰጥም እንዲሁ አይሰጥም። ሰጪው ፍሙን በገል አድርጎ ከተቀባዩ እጅ ላይ ያኖረዋል። ተቀባዩም «ተቀበልኩ፤ ከእንግዲህ የእኔ ነው» ይላል። ይህንንም አንድ ሦስተኛ ሰው ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያ እሳት ጎጆ ቢያነድ፣ ክምር ቢበላ፣ ጥፋቱ የተቀባዩ ነው። እንዲህ ካልተደረገ ግን እሳቱ የትም ይድረስ የት የሰጪው እንደሆነ ይቀራል።

ከደምለው እጅ ግን ማን ይቀበላል? ስለዚህ ከደጃፉ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። ገሉን ድንጋይዋ ላይ ያስቀምጥና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። የመጣው ሰው ያነሣና «ተቀበልኩ» ብሎ ይሄዳል። በአባቱም ጊዜ እንዲህ ነበር፣ በአያቱም ጊዜ እንዲህ ነበር። እጅ የጎደለውን አፍ ሞላው ተባለና ሁሉም ለምዶት ኖረ።

በመንደሩ ውስጥ ከደምለው ደጅ ቁጭ ብሎ የሚያወጋ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቢያድግ ይባላል፣ ንብ አናቢ ነው። ቀፎዎቹን ሁሉ የሰቀለው ደኑ ውስጥ ነው። ማር በቆረጠ ቁጥር አንድ ሰፈፍ በቅጠል ጠቅልሎ ለደምለው ያመጣል። ያመጣና ድንጋይዋ ላይ ያስቀምጠዋል። እሱም ቢሆን በእጁ አይሰጥም፤ ግን ያመጣል። ደምለውም ለዚያ ይወደው ነበር።

አንድ ቀን፣ መጋቢት ላይ፣ ቢያድግ የማር መቁረጫ ቢላውን ሊያስል መጣ። ማንጠግቦሽ ቢላውን ዐየችና፦ «አንተ ሰው፣ ንቦችህ በዚህ አይስቁብህም? ይኸ እኮ ማንኪያ ሆኗል።»

ቢያድግ፦ «ንቦቹስ ይሳቁ። የማትስቀው አትጠገብ ናት። ሆዷ መግፋት ከጀመረ ወዲህ ማር አምጣ ነው ቋንቋዋ።»

ማንጠግቦሽ፦ «ታዲያ አምጣላታ። እሷ የተሸከመችው ያንተን ዕቃ አይደለም?»

እንዲህ እየተሳሳቁ ሳለ ጭቃ ሹም አስረስ ከታች ብቅ አለ። የመንደሩ ሹም እሱ ነው። ደምለው ወናፉን ትቶ ወጣና እጅ ነሣ።

ጭቃ ሹሙ፦ «እሳት አምጣ፣ ደምለው።»

«ለምድጃ ነው፣ ጌታዬ?»

«ለምድጃማ ሴቶቹ ይመጡ ነበር። የደኑን ጥግ ላቃጥለው ነው። ለክረምቱ ጤፍ እዘራበታለሁ።»

ደምለው ቀና ብሎ ከጎጆው የሚወጣውን ጢስ ዐየ። ጢሱ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ላይ፣ ወደ ደኑ ተኝቷል።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ይቅርብዎ። ነፋሱ ከቆላ እየተነሣ ነው። ሦስት አራት ቀን ይታገሡና ሲረጋ ይለኩሱታል።»

«አንተ ቀጥቃጭ ነህ ወይስ ደብተራ?»

«ቀጥቃጭ ነኝ፣ ጌታዬ። ወናፍ ሲነፋ ፍም ምን እንደሚሆን ሳይ ነው ያደግሁት። ነፋስም የእግዜር ወናፍ ነው። የእኔን ሲበቃኝ አቆመዋለሁ። የእግዜርን ማን ያቆመዋል?»

ጭቃ ሹሙ ቢያድግን ዐየና፦ «ትሰማለህ? እሳት ሊነፍገኝ ነው።»

ደምለው ይህን ሲሰማ ወደ ጎጆው ዞረ። እሳት አይነፈግም። ገባና ፍሙን በገል አድርጎ አወጣ። ድንጋይዋ ላይ አስቀመጠና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያም፦ «ጌታዬ፣ ቃሉን ይበሉልኝ» አለ።

ጭቃ ሹሙ ገሉን አነሣና ሳቀ። «ተቀበልኩ፤ ከእንግዲህ የእኔ ነው። ይበቃሃል? ወይስ ልማልልህ?»

ቢያድግ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ከገሉ የሚወጣው ጢስ ዐይኑን ሲያስለቅሰው በነጠላው ጫፍ ይጠራርግ ነበር። ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

ከዚያም ጭቃ ሹሙ ሄዶ የደኑን ጥግ ለኮሰ።

እሳት ሲጀምር ይለማመጣል። አንዲት ደረቅ ሣር ይልሳል፣ ይተዋታል፣ ሌላዋን ይልሳል። ሰው አይቶ፣ ይኸማ ምን አለው፣ በቅጠል መትቼ አጠፋዋለሁ ይላል። ከዚያ ነፋሱ ደረሰለት። ውሃ ቁልቁል እንደሚሮጥ እሳት ሽቅብ ይሮጣል። የጥዱን ቅርፊት ይዞ ወጣ፣ ከጫፍ ጫፍ ዘለለ። ጥዱ እንደ ሰው ጮኸ። ጉሬዛው ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍም ወደ እሳት ዘለለ። ድኩላው ሰውን መፍራት ረስቶ በመንደሩ መካከል ሮጦ አለፈ። የቢያድግ ቀፎዎች አንድ ባንድ ፈነዱና ማሩ እየነደደ በግንዱ ላይ ወረደ። ቢያድግ እየሮጠ ወጣ፣ ጢሱ መለሰው። እንደገና ወጣ። ሰዎች ጨብጠው ያዙት። ተቀምጦ እንደ ሴት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ አለቀሰ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ዞረና እሳቱ ፊቱን ወደ መንደሩ መለሰ። ሰው ሁሉ ዕቃውን ሊያወጣ ወደየቤቱ ሮጠ። ደምለው ብቻ ወደ ላይ ሮጠ። በእጁ ፍም ይዞ ነበር። ከቤቶቹ በላይ ያለውን ሣር ከዳር እስከ ዳር ለኮሰው። ሴቶቹ፦ «አበደ፣ ቡዳው ሊፈጀን ነው» ብለው ጮኹ። ደምለው ግን የለኮሰውን ሣር በቅጠል እየመታ ወደ ታች እንዳይወርድ ጠበቀው። ሣሩ ነደደና ጥቁር መሬት ቀረ። ትልቁ እሳት ሲደርስ የሚበላው አጣ። እሳት ክፋት የለውም፣ ደግነትም የለውም። የሚበላው ካገኘ ይበላል፣ ካጣ ይሞታል። መርጦ የሚያበላው ሰው ነው። እሳቱ ከጥቁሩ መሬት ዳር ቆሞ ሞተ። መንደሩም ተረፈ።

የዚያን ቀን ማንም እሳቱ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ትኩስ ነገር ላይ ሰው አይጠይቅም። ጭቃ ሹሙ በአመዱ ላይ ጤፍ ለመዝራት በሬዎቹን አወጣ።

የጠየቁት ክረምት ሲገባ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ መጣ። ዝናቡን የሚይዝ ሥር አልነበረም። ጥቁር ጎርፍ ከተራራው ወረደ። አፈሩን ላጠው፣ የጭቃ ሹሙንም ጤፍ ጠርጎ ወሰደው፣ ጭቃውንም ምንጩ ላይ ከመረው። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወርደው ጥቁር ውሃ አገኙ። ያን ጊዜ ነው ሰው «ይህን ማን አመጣብን?» ማለት የጀመረው።

ከዋርካው ሥር ጉባኤ ተደረገ። በዳኝነት የተቀመጡት ሦስት ሽማግሎች ናቸው፤ የነሱ አፈ ጉባኤ አባ ይትባረክ ናቸው። ደምለውን ጠሩት። ዝናብ ላይ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ማንጠግቦሽም ከኋላው ቆመች።

ጭቃ ሹሙ ተነሣ። «እሳቱ ከማን ቤት ነው የወጣ? ሌላ ነገር አያሻም፣ ይህን ጠይቁልኝ።»

ደምለው፦ «ከእኔ ቤት ነው የወጣ። እርስዎ ግን ተቀብለውኛል። የእኔ ነው ብለው ወስደዋል።»

«ተቀብያለሁ? ከእጅህ?» ጭቃ ሹሙ ወደ ሰው ዞረና ፈገግ አለ። «ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ከዚህ ሰው እጅ አንዲት ነገር የተቀበለ አለ? ይነሣና ልየው።»

የተነሣ የለም። አንዳንዱ ሳቀ።

«እኔም እንደ እናንተ ከድንጋይ ላይ አነሣሁ። ሕጋችን እሳት በእጅ ይሻገራል ይላል። በድንጋይ ይሻገራል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞስ ከቤታችን በላይ ያለውን ሣር በገዛ እጁ ሲለኩሰው ያላየ አለ?»

ሰው ሁሉ፦ «ዐይተናል» አለ።

ማንጠግቦሽን አላስቻላትም። «እሱን ያያችሁት ከቤታችሁ ደጅ ቆማችሁ ነው አይደል? ሣሩን ባይለኩስ ያ ደጅ ዛሬ የት ይገኝ ነበር?»

«ሴትዮ፣ ዝም በይ» አሏት።

አባ ይትባረክ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና፦ «አይሆንም። አያቶቻችን እጅ የጎደለውን አፍ ይሙላው ብለዋል። ጭቃ ሹሙ ‹የእኔ ነው› ማለታቸውን የሰማ ሦስተኛ ሰው ካለ፣ እሳቱ የጭቃ ሹሙ ነው። ከሌለ የደምለው ነው። ደምለው፣ ሦስተኛ አለህ ወይ?»

ማንጠግቦሽ፦ «እኔ ሰምቻለሁ።»

«ሚስት ከባሏ ጋር አንድ ጆሮ ናት። ሌላ አለህ ወይ?»

ደምለው ልቡ ቀለል አለው። «አለኝ፣ አባቴ። ቢያድግ ነበር። ከጎናቸው ቆሞ ነበር።»

ቢያድግን አስነሡት። ሚስቱ አትጠገብ ከወለደች ገና አምስት ቀኗ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ጭቃ ሹሙ አስጠርቶት ነበር። ደምለው ይህን የሰማው ኋላ ነው። ጭቃ ሹሙም፦ «ቀፎህ አለቀ፣ ልጅም መጣብህ። ከግቢዬ ዋንዛዎች ላይ ቀፎ ብትሰቅል ማን ይከለክልሃል?» አለው። ሌላ ነገር አላለውም። ማለትም አላስፈለገውም።

አባ ይትባረክ፦ «ልጄ፣ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ሰማህ?»

ቢያድግ፦ «ወናፉ ይነፋ ነበር። አልሰማሁም።»

ደምለው፦ «ቢያድግ፣ ወናፉን ማን ይነፋው ነበር? እኔ ደጅ ነበርኩ፣ ማንጠግቦሽም ደጅ ነበረች።»

ቢያድግ የእግሩን ጣቶች እያየ፦ «አልሰማሁም» አለ።

ሽማግሎቹ ተመካከሩና ፈረዱ። በእጅ አልተሻገረም፣ በጆሮም አልጸናም። እሳቱ የደምለው ነው። ደኑን የፈጀውም ምንጩን ያጠቆረውም ደምለው ነው። ከወይራ አፋፍ ይውጣ፣ ነገ ሳይመሽ ይውጣ አሉ።

ደምለው ወደ ቤቱ በኩል ዞሮ ዐየ። ከዚያም ቀስ ብሎ፦ «ልጄ ጓሮዬ ውስጥ ናት» አለ።

አባ ይትባረክ አንገታቸውን ደፉ። ጭቃ ሹሙ ግን፦ «እሷን የሚነካት የለም። አንተ ውጣ» አለ።

«እሺ» አለ ደምለው። «አንድ ነገር ልጠይቅ። በእጅ ያልተሻገረ እሳት የሰጪው ነው ብላችኋል። በየቤታችሁ የሚነደውስ? ከእጄ የተቀበለ አለ?»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ የት እንደሚያደርስ ገባቸው። የሰዎቹ እሳት የሰዎቹ ነው ካሉ የጭቃ ሹሙም የጭቃ ሹሙ ሊሆን ነው። ጭቃ ሹሙም ገባው፣ ግን ኩራት ያዘው። «ያንተው ነው። ከፈለግህ ይዘኸው ሂድ» አለና ሳቀ።

በማግስቱ ደምለው ቅል ሙሉ ውሃ ይዞ ከጭቃ ሹሙ ቤት ጀመረ። ደጅ ቆሞ፦ «እሳቴን ልወስድ መጣሁ» አለ። ፍርድ ነውና የሚከለክለው የለም። ውሃውን ምድጃው ላይ አፈሰሰው። ፍሙ ሲጮህ የጭቃ ሹሙ ሚስት ፊቷን ሸፈነች። ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ወደሚቀጥለውም። በዚያ ዝናብ፣ ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ መንደር እሳት በማይመጣበት፣ እንጨቱ ሁሉ በራሰበት ወር፣ ቤት ለቤት እየዞረ አጠፋ። ብረትና ባልጩት አጋጭቶ እሳት መፍጠር የሚያውቅ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ልጆች አለቀሱ። አሮጊቶች ለመኑት። ማንጠግቦሽ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች ቅሉን ትሞላለታለች። መካከል ላይ ግን ክንዱን ያዘችው።

«ደምለው፣ ይብቃህ። እነዚህ ሴቶች አልፈረዱብህም።»

«እኔም አልፈረድኩም» አላት። «የተፈረደውን ነው የማደርገው።»

ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ማንጠግቦሽ ክንዱን ለቀቀችና ቅሉን ሞላችለት።

የመጨረሻው ቤት የቢያድግ ነበር። የአትጠገብ እናት፣ እትዬ ዘርፌ፣ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «አራስ አለች። እንዳትገባ። ዐይንህንም መልስ፣ እባክህ።»

ደምለው ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ቢያድግ ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ነበር። አልተነሣም። ከውስጥ የአትጠገብ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ማን ነው?»

«ማንም አይደለም። ተኚ።»

«የጋሼ ደምለውን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ቢያድግ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያለቅሰው ምን ሆኖ ነው?»

ቢያድግ ነጠላውን ተከናነበ። እንደገና ጠየቀችው። በሦስተኛው ነገራት። ግድግዳውን እያየ ነገራት። ጭቃ ሹሙ «ተቀበልኩ» ማለቱን፣ እሱም መስማቱን፣ ዋንዛዎቹንም፣ ጉባኤውንም ነገራት። አትጠገብ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያም፦ «ጋሼ ደምለው፣ ግባ» አለች።

እትዬ ዘርፌ፦ «ልጄ፣ አብደሻል? ቀጥቃጭ ካራስ ቤት?»

«እማዬ፣ ከትራሴ ሥር ያኖርሽውን ቢላ ማን ነው የሠራው? የሱን ዐይን በሱ ብረት እየጠበቅሽልኝ እኮ ነው። ይግባ።»

ደምለው ገባ። ከልጁ ሞት ወዲህ የሰው ሕፃን ከቅርብ ዐይቶ አያውቅም። አሁንም ላለማየት ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።  እሳቱን ዐየው። ትንሽ እሳት ነው፣ የአራስ እሳት፣ ገንፎ የሚያበስል። ሊያጠፋው አልቻለም። ሳያጠፋው እንዳይሄድም ፍርዱ አለ፤ እሳቱ የሱ ነው።

አትጠገብ ከመደቧ ወረደች። ገል አንሥታ ሰጠችው። «ከምድጃው ቁንጥር አድርግና በእጄ ስጠኝ።»

ደምለው ፍም ጫረ። ለሰው ነገር በእጁ ሰጥቶ አያውቅምና እንዴት እንደሚሰጥ ጠፋው። ወለሉ ላይ ሊያስቀምጠው ጎንበስ ሲል፣ «በእጄ» አለችው። ዘረጋላት። ጣቶቿ ጣቶቹን ነኩ። ገሉ ይፋጅ ነበር፣ ግን አልለቀቀችም።

«ተቀበልኩ። ከእንግዲህ የእኔ ነው። እማዬ፣ ሰምተሻል?»

እትዬ ዘርፌ ሕፃኑን ዐዩ፣ ደምለውን ዐዩ። «ሰምቻለሁ» አሉ።

ደምለው ወጣ። በቅሉ የቀረውን ውሃ ደጅ ደፋው። በቢያድግ አጠገብ ሲያልፍ አላየውም። ከዚያም ከማንጠግቦሽ ጋር ወናፋቸውንና የብረት መቀጥቀጫ ሰንዳናቸውን ተሸክመው፣ በወይራዋ ሥር ጥቂት ተቀምጠው፣ ቁልቁል ወደ ቆላ ወረዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ እሳት የሚጭረው ከአትጠገብ ነበር። እሷም ፍሙን በእጅ እንጂ በሌላ አልሰጥ አለች። ጭቃ ሹሙ ራሱ አልመጣም፤ ሚስቱን ላከ።

ጥቅምት ላይ ወንዙ ሲጎድል ቢያድግ ማንም ሳይልከው ወደ ቆላ ወረደ። ገበያ ለገበያ ሲፈልግ ቆይቶ ማንጠግቦሽን ድስት ስትሸጥ አገኛት። ከስታለች። ብቻዋን ነበረች።

ከፊቷ ተቀመጠና፦ «ደምለው የት ነው?»

«ወባ አልተወውም። ከወረድን ሁለት ወር አልሞላውም ነበር።»

«የት ቀበርሽው?»

«እንግዳ በሚቀበርበት።»

ቢያድግ ምድሩን በጣቱ ጫረ። «ሰምቼ ነበር ልለው ነው የመጣሁት። ጭቃ ሹሙ ተቀበልኩ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

ማንጠግቦሽ አንዱን ድስት አንሥታ በጣቷ አንኳኳችውና ወደ ቦታዋ መለሰቻት። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እዚያው ነበርኩ። ለሽማግሎቹ ንገራቸው።»

ቢያድግ ተመልሶ ወጣ። ሽማግሎቹን ከዋርካው ሥር ሰበሰበና ቆመ። እንደ ሰው ቆሞ ነገራቸው። ዋንዛዎቹንም አልደበቀም። አባ ይትባረክ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። ጭቃ ሹሙ ግን አልተቆጣም። «የሞተ ሰው ይግባኝ አይልም» አለ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሎችም፦ «እውነት ነው። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የመጣ ጆሮ፣ ጆሮ አይባልም» አሉ። ሰውም ሰዓቱ መሽቷል ብሎ ከብቱን ሊያስገባ ተበተነ።

በሦስተኛው ዓመት ምንጩ ደረቀ። ደኑ አልበቀለም፤ የሚበቅልበት አፈር ወንዝ ገብቷል። ማረሻው ሲዶለድም የሚስለው ጠፋ። ሰው እያንዳንዱ በየዘመዱ አገር ተሰደደ። አትጠገብም ልጇን አዝላ፣ ፍሟን በድስት አዳፍና ሄደች። ቢያድግ አብሯት ሄደ ይላሉ፣ ቀረ የሚሉም አሉ።

ሰዎቹ በየደረሱበት አገር፣ «ያ ሁሉ ደናችሁ ምን ነካው? ምንጫችሁስ?» ተብለው ይጠየቃሉ። እነሱም እንጀራቸውን እየቆረሱ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ «አንድ ቀጥቃጭ ነበር፣ እሱ አቃጠለብን» ብለው ይመልሳሉ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ተረቴን መልሱ፣ ትኩስ ዳቦ ቁረሱና አጉርሱኝ።